ለአልፕ ዱዌዝ ዳገት የትኛው ማርሽ ይሻለኛል?

የተከበራችሁ የብስክሌት ባለሙያዎች፣

የጎንደር ነዋሪና አማተር ብስክሌተኛ ስሆን፣ የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች በ1952 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡትን፣ 13.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በአማካይ 8.1 በመቶ ተዳፋት ያለውን የአልፕ ዱዌዝ ዳገት ፈረንሳይ በሚኖረው ወንድሜ ጋባዥነት ለመውጣት እየተዘጋጀሁ ነው። ሊማሊሞ ላይ ስለማመድ ግን የፊቱ ትንሹ ማርሽ 39፣ የኋላው ትልቁ 25 ጥርስ በመሆኑ፣ ኩርባዎቹ ላይ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ካልረገጥሁ በቀር ፔዳሉ አልዞር ይለኛል፤ ጉልበቴም መጠዝጠዝ ጀምሯል። የኋላውን በባለ 32 ጥርስ ልተካው አስቤ ነበር፤ ሆኖም ካቴናውን የሚወጥረው የኋላ ማርሽ መቀየሪያዬ ክንድ አጭር (የድሮ የውድድር ብስክሌት ነው) ስለሆነ ካቴናው በትንሹ ጥርስ እንዳይላላ፣ በትልቁም ከልክ በላይ እንዳይወጠር ሰግቻለሁ። መቀየሪያውንም አብሬ መለወጥ ይኖርብኛል ወይስ የፊቱን ወደ 34 ዝቅ ማድረግ ይበቃል? ዕቃውን ከአዲስ አበባ ከማስመጣቴ በፊት፣ የሞከራችሁት ብትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።