የቱርክ ስጋጃ ላይ ያሉትን ሥዕሎች የሚያነብልኝ አለ?

የሽምብጧ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። አባቴ ካረፉ በኋላ አንድ ስጋጃ ለእኔ ደረሰኝ። አያቴ ነጋዴ ነበሩ፤ ለሐጅ ሄደው ሲመለሱ ከጅዳ ይዘውት መጡ ይባላል። ቤታችን ውስጥ ሁሌም "የቱርኩ ስጋጃ" ነው የሚባለው።

መሐሉ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ ቀይና ቢጫ። አናቱ ላይ ሾጠጥ ያለ ቅስት አለ፤ ከቅስቱ ፋኖስ ተንጠልጥሏል። ግራና ቀኝ ማንቆርቆሪያ የሚመስል ነገር አለ። ከሥር ትንንሽ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በየቤቱ ጎን ቀጭን ረጅም ዛፍ ቆሟል። ጠርዙ ላይ ሦስት ማዕዘኖችና ሚዶ የሚመስሉ ቅርጾች አሉ። ቅስቱ ላይ በዐረብኛ ቁጥር 1318 ተጽፏል። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ስለሰገዱበት የጉልበታቸው ቦታ ሳስቷል።

ወንድሜ ለዒድ ላቫጆ ወስደን እናሳጥበው ይላል። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ አንድ ሰውዬ ደግሞ "ይሄ የፋርስ ነው፣ ቁጥሩም የውሸት ነው" ብሎ ትንሽ ብር ጠራ። አልሸጠውም። ግን የያዝኩት ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። በተለይ እነዚያ ቤቶች ምንድን ናቸው?

ድርና ማግ፦
እህቴ፣ አላህ ይዘንላቸው። መጀመሪያ ቋጠሮውን እዪ። የስጋጃውን ፀጉር በረድፉ ገለጥ አድርጊና ሥሩን ተመልከቺ። ክሩ ሁለት ድሮችን አንድ ላይ አቅፎ ሁለቱም ጫፎቹ በድሮቹ መሐል ከወጡ የቱርክ ቋጠሮ ነው። ጎርዴስም ይባላል፣ በምዕራብ አናቶሊያ፣ ማለትም በቱርክ ምድር ባለችው ከተማ ስም። የፋርሱ ግን የሚጠቀልለው አንዱን ድር ብቻ ነው። ፋርስ አገር ባለችው ታብሪዝ ከተማም በቱርክ ቋጠሮ ስለሚሠራ ይሄ ብቻውን አይበቃም። ያንቺ ግን ሥዕሉም ይመሰክራል።

ቅስቱ ሚህራብ ነው፣ መስጊድ ውስጥ የሶላት አቅጣጫ የሚያሳየው ቅስት፤ ሲሰገድ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ ይዞራል። ፋኖሱን ብዙዎች ከቁርኣኑ ምዕራፍ ከሱረቱ ኑር ጋር ያያይዙታል፤ እዚያ የአላህ ብርሃን የተመሰለው በግድግዳ መስኮት ውስጥ ባለ መብራት ነው። ማንቆርቆሪያው የውዱእ፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት ነው። ሚዶውም የንጽሕና ምልክት ነው ይባላል። ሦስት ማዕዘኑ ክታብ ነው፣ ከሰው ዓይን እንዲጠብቅ። እኛም አገር በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይታሰራል፤ አናቶሊያ ያለችው ሸማኔ ደግሞ ምንጣፏ ላይ ሠራችው።

ወደ ቤቶቹ ልምጣ። ቤትና ዛፍ የተደረደረበትን ስጋጃ ነጋዴዎች "መዛርሊክ" ይሉታል፤ የመቃብር ስፍራ ማለት ነው። ኩላና ጎርዴስ በዚህ ዓይነት ይታወቃሉ፤ ሁለቱም ማኒሳ ክፍለ ሀገር ውስጥ ናቸው። ዛፉ የፈረንጅ ጽድ ነው። ክረምት ከበጋ ስለማይረግፍ ቱርኮች መቃብር ቦታ ይተክሉታል። አንዳንዱ ነጋዴ ሬሳ ይሸፈንበት ነበር እያለ ያጋንናል። አትደንግጪ፣ ቅስት ያለው ስጋጃ ለሶላት ነው የሚሠራው። ቤቶቹ ተራ መንደር ናቸው የሚሉም አሉ። ሸማኔዋ ከእናቷ የለመደችውን ነው የምትሠራው፤ እያንዳንዱ ቅርጽ ላይ ምሥጢር መፈለግ አይገባም።

ዓባይ ማዶ፦
1318 ዓመተ ሂጅራ ነው፣ የእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር። የጨረቃው ዓመት አጠር ስለሚል ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል፦ 1318ን ለ33 አካፍዪ፣ ወደ 40 ይመጣል። እሱን ከ1318 ቀንሺና 622 ደምሪ። 1900 በፈረንጅ። በእኛ 1892 ወይም 1893፣ የምኒልክ ዘመን። ግን ሸማኔ ከሌላ ስጋጃ ቁጥር ሊገለብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቀለሙንም መርምሪ።

ጥልፍ ቤት፦
ላቫጆ በፍጹም! የመኪና ማጠቢያ ግፊት የመቶ ዓመት ሱፍ አይችለውም። ኦሞው ደግሞ ቀለሙን ያስለቅቀዋል። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥቢና እያንዳንዱን ቀለም በቀስታ ጫን አድርጊ፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ውሃ አታስነኪው። አቧራውን ጥላ ሥር በእጅ አራግፉት። የጣና ዳር ክረምት እርጥብ ስለሆነ በላስቲክ አትጠቅልዪው፣ ይሻግታል። በአቡጀዲ ጠቅልዪው፣ አይታጠፍ። ብል የሚወደው ጨለማና ያልተነካ ቦታ ነው፤ በየጊዜው ዘርግተሽ ጀርባውንም እዪ።

የሽምብጧ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ቋጠሮው ሁለቱንም ድሮች ያቅፋል! ጨርቁ ግን ቀዩ ላይ ሮዝ ሆነ። ሰማያዊው ምንም አልለቀቀም። አዲስ ነው ማለት ነው?

ድርና ማግ፦
አይደለም። የፋብሪካ ቀለም የጀመረው በ1856 እንግሊዝ አገር ነው። በ1900 አናቶሊያ ውስጥ በየገበያው ይሸጥ ነበር። ብዙ ሸማኔዎች የእንሶስላ ዓይነት ቀይ የሚያወጣውን ሥር መቀቀል ትተው ርካሹን ገዝተዋል። የማይለቀው ሰማያዊ ኢንዲጎ የሚባለው የተክል ቀለም ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ አንድ ስጋጃ ላይ መገኘታቸው ከ1318 ጋር ይስማማል። ሰውዬው ያለሽን እርሺው።

የሽምብጧ፦
ወንድሜ አንብቦ ላቫጆውን ትቷል። አንድ ጎኑ መተርተር ጀምሯል፤ ሰፊ ጋ ልውሰደው?

ጥልፍ ቤት፦
ልብስ ሰፊ ጋ አትውሰጂው፤ በመኪና ነው የሚሰፋልሽ፣ መርፌው ድሩን ይበጥሳል። በእጅ፣ በሱፍ ክር ይጠምጠም። ናይለን ሱፉን እያደር ይቆርጠዋል። ክሩ እስኪገኝ የተተረተረውን በአቡጀዲ ደግፈሽ ላላ አድርገሽ ያዥው።