ቀይ ቀሚስ ሰቅሎ ማስታወስ ምን ይጠቅማል? (የግሩፕ ክርክር)

ጠያቂዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሜይ 5 ዊኒፔግ ውስጥ ዛፉ ላይ ባዶ ቀይ ቀሚስ ተንጠልጥሎ አያችሁ? ለጠፉና ለተገደሉ የካናዳ ነባር ሕዝቦች ሴቶች ማስታወሻ ነው። ሀሳቡ የአርቲስት ጄይሚ ብላክ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ2010 ጀምሮ አለ። ይሄ ነገር ሰው ያድናል ወይስ ለፎቶ ነው?

ሾፌሩ፦ ለፎቶ ነው፣ አትቀየሙኝ። ፖሊስ ራሱ በ2014 ቆጥሮ ከ1980 እስከ 2012 ድረስ 1,181 ሴቶች ተገድለዋል ወይም ጠፍተዋል አለ። በ2019 አጣሪ ኮሚሽኑ 231 የፍትሕ ጥሪ አወጣ። ወረቀት ሞላ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ «የእንባ መንገድ» በሚሉት ሀይዌይ 16 ላይ ሴቶች ሊፍት እየለመኑ ነበር የሚጠፉት። አውቶቡስ ይግባ የተባለው በ2006፣ የገባው በ2017። 11 ዓመት ለአውቶቡስ!

የዊኒፔጓ፦ ወንድሜ፣ ጩኸት ባይኖር እሱም አይገባም ነበር። እዚህ ዊኒፔግ አጠገብ ያለውን የፕሬሪ ግሪን ቆሻሻ መጣያ ነገር ረሳኸው? ፖሊስ ሁለት የተገደሉ ሴቶች ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እንዳሉ እያመነ በ2022 መጨረሻ መፈለግ አይቻልም አለ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥትም አስቤስቶስ አለ፣ ለሠራተኛ አደጋ ነው ብሎ እምቢ አለ። ይባስ ብሎ እምቢታውን የምርጫ ማስታወቂያ አደረገው። ቤተሰብ ሰብዓዊ መብት ሙዚየሙ አጠገብ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ። ምርጫውን ግን ፍለጋውን የደገፈው ዋብ ኪኑ አሸነፈ። በ2024 መጨረሻ ቁፋሮ ተጀመረ፣ ማርች 2025 ላይ የሁለቱም ማንነት ተረጋገጠ።

ቆጣቢው፦ ፍለጋው ይቻል እንደሆነ ያየው ጥናት እኮ ወጪው እስከ 184 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል ብሎ ነበር። ይሄ ብር በሕይወት ላሉት መጠለያ አይሠራም? ጨካኝ አትበሉኝ፣ ሒሳብ ነው።

የዊኒፔጓ፦ ያ ትልቁ ግምት ነው። የፌዴራሉና የክፍለ ሀገሩ መንግሥታት የመደቡት 40 ሚሊዮን ነበር።

እማማ፦ ልጆች፣ እኔ አንድ ነገር ልበል። በእኛ 2009 ቆሼ ሲናድ ሰፈሩ በእጁ ጭምር ነው የቆፈረው። ማንም ስንት ያስወጣል አላለም። አስከሬን ሳይገኝ ለቅሶው መች ያልቃል? እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች።

ቆጣቢው፦ እማማ፣ ቆሼ ያኔውኑ ነው የተቆፈረው። እዚህ ግን ወራት አልፈዋል።

እማማ፦ ወራት ያሳለፈው ማን ሆነና ልጄ?

ጠያቂዋ፦ 😶 ሾፌር፣ አሁንስ ምን ትላለህ?

ሾፌሩ፦ እሺ፣ ልናገር። አምና ክረምት ሜይን ስትሪት ላይ አንዲት የነባር ሕዝቦቹ ልጅ ታክሲዬን ለማስቆም እጇን ዘረጋችልኝ። ሌሊት 9 ሰዓት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 30። ጓንት የላትም። ሒሳብ አትከፍልም ብዬ አለፍኳት። ቀሚሱን ሳይ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። ግን አቋሜ ያው ነው። ያን ሌሊት እሷን የሚያሳፍር አውቶቡስ አልነበረም፣ ቀሚስ ደግሞ አያሳፍርም።