16 ማዳበሪያ ጤፍ በአማካይ ከ50 ኪሎ ቢያንስ ተጭበርብረናል ማለት ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጎንደር ነው። ቅዳሜ ገበያ «ባለ 50 ኪሎ» ተብሎ ከተገዛ ጤፍ 16 ማዳበሪያ በባስኩላ ተመዘነ። አማካዩ 49.2 ኪሎ፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (ማዳበሪያዎቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን) 1.6 ኪሎ ነው። ግማሾቻችን «ጎድሏል፣ ነጋዴው ይጠየቅ» ስንል ሌሎቻችን «ሲሞላ አንዱ ቢበዛ አንዱ ያንሳል» እንላለን። በዜድ (ጉድለቱን አማካዩ በአጋጣሚ ለሚዋዥቅበት መጠን በሚያካፍለው ስሌት) ስናሰላው 2.0 ወጣ፤ ከተለመደው ወሰን ከ1.96 ስለሚበልጥ አጋጣሚ አይደለም ማለት ነው? ሰው ከመክሰሳችን በፊት እዩልን።

መልስ 1
እስከ 2.0 ድረስ ልክ ናችሁ። 1.6 ለ4 (የ16 ስኩዌር ሩት) ሲካፈል ስታንዳርድ ኤረሩ (አማካዩ በአጋጣሚ የሚዋዥቅበት መጠን) 0.4 ነው። የጎደለው 0.8 ለ0.4 ሲካፈል 2.0 ይመጣል። የሳታችሁት ወሰኑ የሚነበብበትን ሠንጠረዥ ነው። 1.96 የሚሠራው የጠቅላላው ጤፍ ልይይት (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) አስቀድሞ ሲታወቅ ወይም ናሙናው ብዙ ሲሆን ነው። እናንተ ግን 1.6ን ያገኛችሁት ከእነዚሁ 16 ማዳበሪያዎች ስለሆነ ቁጥሩ ራሱ ከእውነተኛው ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ዊልያም ጎሴት በ1908 እ.ኤ.አ. «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም የቲ ስሌትን ያወጣው ለዚሁ ችግር ነው፤ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርና ጥቂት ናሙና ይዞ መወሰን ግድ ይለው ነበር። በዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 15 (ከናሙናው ብዛት አንድ ሲቀነስ)፣ በ5 በመቶ (ሳይጎድል ጎድሏል የማለት ዕድል)፣ በሁለት ጎን (መብዛቱንም ማነሱንም ስንፈትሽ) ወሰኑ 2.131 ነው። 2.0 አይደርስበትም።

መልስ 2
የሚያሳስባቸው መጉደሉ ብቻ ከሆነስ? በአንድ ጎን ወሰኑ 1.753 ነው፤ 2.0 ያልፈዋል።

መልስ 1
ያልፈዋል፤ ግን «መጉደሉን ብቻ ነው የምናየው» የተባለው ከመመዘኑ በፊት ከሆነ ብቻ። ውጤቱን አይቶ ወደ አንድ ጎን መዞር ዳኛው ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ሕጉን እንደመቀየር ነው።

መልስ 3
ፒ ቫልዩው 0.064 ገደማ ነው። ይህን «ነጋዴው ንጹሕ የመሆን ዕድሉ 6 በመቶ ነው» ብላችሁ እንዳታነቡት፣ አደራ። የሚለው ይህን ነው፦ እውነተኛው አማካይ 50 ቢሆንና እንዲህ ያለ ናሙና 100 ጊዜ ቢወሰድ፣ 6 ጊዜ ያህል 0.8 ኪሎና ከዚያ በላይ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ይታያል። የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው አማካይ ሊሆን የሚችልበት የግምት ክልል) ከ48.35 እስከ 50.05 ነው። 50 በጠርዙ ገባ እንጂ «ምንም አልጎደለም» የሚያሰኝ አይደለም።

ከስሌቱ በላይ የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ነው። ባስኩላው ሁሌ 0.8 ኪሎ አሳንሶ የሚያነብ ቢሆን ቲ ቴስት አያውቅላችሁም፤ ነጋዴው ላይ ይፈርዳል። ባዶውን ዜሮ ማንበቡን እዩ፣ ክብደቱ በተረጋገጠ የ20 ኪሎ ድንጋይ ፈትኑት። የማዳበሪያውንም ክብደት ቀንሱ፤ ካልተቀነሰ የጤፉ ጉድለት ከምታስቡት ይብሳል። 16ቱ የተመዘኑት ከክምሩ ላይ ለእጅ የቀረቡት ከሆኑ ደግሞ ጭነቱን አይወክሉም። ለሁሉም ቁጥር ሰጥታችሁ በዕጣ አውጡ። ልይይቱ 1.6 አካባቢ ከሆነ፣ የ0.8 ኪሎ ጉድለትን ከ100 ጊዜ 80ውን ለመያዝ በሁለት ጎን 34 ማዳበሪያ ያስፈልጋል።