ጉልበት ላይ ቀድሞ የሚጎዳው አጥንቱ ነው ካርቲሌጁ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤቶች። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ በተለይ ደረጃ ስትወርድ። ራጅ ተነስታ ኦስቲዮአርትራይቲስ (መገጣጠሚያን የሚጎዳ በሽታ) ነው፣ ካርቲሌጁ (የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ) ሳስቷል፣ አጥንቱም ተጎድቷል አሏት። የትኛው ነው የትኛውን ያመጣው?

መልስ 1፦ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚጎዱት። ካርቲሌጁ ሲሳሳ ጫናው ከሥሩ ያለው አጥንት ላይ ያርፋል፤ አጥንቱም ይደድራል፣ ዳር ዳሩን ትርፍ አጥንት ያበቅላል። የደደረ አጥንት ደግሞ ጫና ስለማያበርድ ካርቲሌጁን ይብስ ይጎዳዋል። በኤምአርአይ (በማግኔት በሚነሳ ምስል) አጥንቱ ውስጥ ጉዳት የታየበት ቦታ ላይ፣ በላዩ ያለው ካርቲሌጅ ቶሎ የማለቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።

መልስ 2፦ ካርቲሌጅ እኮ ነርቭ የለውም! ሕመሙ የሚመጣው ከአጥንቱና ከመገጣጠሚያው ሽፋን ነው። ራጅም ቢሆን ካርቲሌጁን አያሳይም፣ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ክፍተት መጥበቡን እንጂ። ራጁ አስፈሪ ሆኖ ብዙም የማያመው ሰው ሞልቷል፣ አይዟችሁ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እግሯ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሏል፣ ይገናኛል?

መልስ 1፦ በደንብ! እንዲህ ሲሆን ክብደቱ በጉልበቷ ውስጠኛ በኩል ይበዛል፣ እዚያ ያለው አጥንትና ካርቲሌጅ ቀድሞ ይጎዳል። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ቀጥ አድርጋ ትያዝና ቀስ ብላ ታውርድ፣ የጭን ጡንቻዋ ይጠነክራል። ውፍረት ካላት ትቀንስ፤ 1 ኪሎ ስትቀንስ በየእርምጃው ጉልበቷ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀላል።