የፈረስ ዓመት ላይ ነን፣ የኔ ፈረስ የታለ?

ሻንጣዋ ያልተዘጋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቻይና ኮከብ ቆጠራ የሚገባችሁ እስቲ አንድ ነገር ንገሩኝ። የተወለድኩት ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 (እ.ኤ.አ.) ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው። 1990 የፈረስ ዓመት፣ 2026ም የፈረስ ዓመት። ሌላ አገር ሥራ አግኝቻለሁ፣ እስከ ሐሙስ መልስ ስጪን ብለውኛል። አንድ ቪዲዮ ላይ ደግሞ «የጉዞ ፈረስ» የሚባል ኮከብ ያለበት ሰው አንድ ቦታ አይረጋም ሲሉ ሰማሁና፣ እኔ ራሴ ፈረስ፣ ዓመቱም የፈረስ፣ ዘንድሮ ካልሄድኩ መቼ ልሄድ ነው አልኩ። ሻንጣዬ ከተከፈተ ሦስት ሳምንቱ ነው። ቀን ሹራቤን አስገባለሁ፣ ማታ ይበርደኝና መልሼ አወጣዋለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር?

ስምንት ፊደል፦
እህቴ፣ ሲጀመር አንቺ ፈረስ አይደለሽም። እባብ ነሽ። በዚያ ዓመት የቻይናዎች አዲስ ዓመት የገባው ጃንዋሪ 27 ነው። በባዚ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው የራሳቸው እንስሳ ባላቸው በዓመት፣ በወር፣ በቀንና በሰዓት አራት ምሰሶ ለሚቆጥሩት ደግሞ ዓመቱ የሚለወጠው ፌብሩዋሪ 4 ገደማ ነው። በየትኛውም ብትቆጥሪ ፈረሱ ሳይገባ ተወልደሻል።

የጉዞ ፈረስ፣ በነሱ አጠራር ዪ ማ፣ ከፈረስ ዓመት ጋር ምንም አያገናኘውም። ይሄን ሁሉም ሰው ነው የሚሳሳተው። ስሙ የመጣው ድሮ የንጉሠ ነገሥቱን መልእክት ከጣቢያ ጣቢያ ያደርሱ ከነበሩ ፈረሶች ነው። ለእባብ፣ ለዶሮና ለበሬ ሰው የጉዞ ፈረሱ አሳማ ነው፤ ለነብር፣ ለፈረስና ለውሻ ዝንጀሮ፤ ለዝንጀሮ፣ ለአይጥና ለድራጎን ነብር፤ ለአሳማ፣ ለጥንቸልና ለፍየል እባብ። እንደምታዪው ፈረስ ራሱ የማንም የጉዞ ፈረስ አይደለም። አራቱ ወቅቶች የሚከፈቱት በነብር፣ በእባብ፣ በዝንጀሮና በአሳማ ወር ስለሆነ ነው እነዚህ የመንቀሳቀስ ምልክት የሆኑት። (አንዳንዶች ከዓመቱ ሳይሆን ከተወለድሽበት ቀን ይነሳሉ፣ እኔ ሁለቱንም አያለሁ።)

ያንቺ አሳማ ነው ማለት ነው። ከማታ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ደግሞ የአሳማ ሰዓት ነው! ፈረስሽ ሰዓትሽ ላይ ቆሞልሻል። አምና የእባብ ዓመት ነበር፣ እባብና አሳማ ይጋጫሉ፣ ፈረስ ሲጋጭ ጅራፍ እንዳረፈበት፣ ለጉዞ እንደተነሳ ይቆጠራል። እስቲ አምና ምን ሆንሽ?

ሻንጣዋ ያልተዘጋ፦
ኧረ ተው! ሁለቴ ቤት ቀየርኩ፣ ሥራም ለቀቅኩ። አስፈራኸኝ እኮ።

ቀስ በሉ፦
ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከ12 እንስሳ አንዱን በሦስት ቦታ፣ በወር፣ በቀንና በሰዓት ላይ ስትፈልጊ ከአራት ሰው አንዱ ጋ ገደማ ታገኚዋለሽ። ከቀኑም ተነስተሽ ከቆጠርሽ ደግሞ ብዙ ሰው ባለ ፈረስ ይሆናል። «አምና ምን ሆንሽ» ተብሎ ተጠይቆ ምንም የሚያጣ ሰውስ አለ? እኔ ፈረሱ የለኝም፣ በአምስት ዓመት አራት ቤት ቀይሬያለሁ። አከራዮቼን ጠይቁ። ይልቅ ደመወዙ ስንት ነው? ውሉ የስንት ጊዜ ነው? ካልሆነልሽ የመመለሻ ገንዘብ ይዘሻል?

አስር በአስር፦
ቀስ በሉ ልክ ነው፣ ግን ዋናውን ነገር ማንም አላነሳውም። ባዚ ውስጥ ትልቁን የሕይወት ለውጥ የሚያሳየው በየ10 ዓመቱ የሚለወጠው የዕድል ምሰሶ ነው፣ የጉዞ ፈረስ ብቻውን ብዙ አይባልለትም። ያንቺን ቆጠርኩት። በእባብ ዓመት ለተወለደች ሴት ቆጠራው ወደፊት ነው የሚሄደው። ከልደትሽ እስከ ፌብሩዋሪ 4 ወደ 20 ቀን አለ፣ ሦስቱ ቀን እንደ አንድ ዓመት ስለሚያዝ የመጀመሪያው ምሰሶ የሚገባው ስድስት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። የተወለድሽበት ወር በሬ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ነብር፣ ጥንቸል፣ ድራጎን፣ ከዚያ እባብ። እባቡ የሚገባው 36 ዓመት ተኩል ላይ፣ ዘንድሮ ነው። አሳማሽን አስር ዓመት ሙሉ ሊገርፈው ነው።

ግን ፈረስ ያለው ሁሉ አይሰደድም። የኔ ፈረስ ዝንጀሮ ነው፣ አጠገቡ እባብ አለ፣ ሁለቱ ደግሞ የሚጣመሩ ናቸው። ሲጣመር እግሩ እንደታሰረ ይቆጠራል። ሥራዬ በየወሩ ያስኬደኛል፣ አርብ ማታ ግን ያው ቤቴ ነኝ። የጥርስ ብሩሼ ከቦርሳ ወጥቶ አያውቅም።

ሻንጣዋ ያልተዘጋ፦
ጉድ ፈላ። ይሄን ሁሉ አንብቤ ሰዓቱን ላረጋግጥ ብዬ አክስቴ ጋ ደወልኩ፣ ስወለድ እዚያው ነበረች። «የምን አራት ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት አልፎ ነው እንጂ!» አለችኝ። እናቴ ደግሞ በአራት ሰዓቷ ጸንታለች። ሁለቱ አሁን ስልክ ላይ እየተጨቃጨቁ ነው።

ስምንት ፊደል፦
እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ከሆነማ የአይጥ ሰዓት ነው፣ ፈረሱ የለም። የቀኑም ምሰሶ ይቀየራል። የልደት ወረቀት የለሽም?

ሻንጣዋ ያልተዘጋ፦
አለኝ። ቀኑን እንጂ ሰዓቱን አይጽፍም።

ቀስ በሉ፦
ደመወዙን አልነገርሽንም።