የወል ግጦሻችን ለቤት መሥሪያ ሊሸነሸን ነው፤ ማንን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከደጋ ዳሞት ነኝ። የወል ግጦሻችን ለወጣቶች ቤት መሥሪያ ሊሰጥ ነው ተባለ። ችካሉ ምንጩ አፍ ድረስ ተተክሏል። ቤቱ ይሠራ፤ የእኔም ልጅ ቦታ ይፈልጋል። ላሞቹስ የት ይሂዱ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጉዳዩ የሚታየው በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ነው። መጀመሪያ የቀበሌውን መሬት አስተዳደር ኮሚቴ ያነጋግሩ። የወል መሬቱ የይዞታ ደብተር ካለው ወሰኑን እዚያ ያዩታል። ቃለ ጉባኤውንም ይጠይቁ። «ሕዝቡ ተስማምቷል» ሲባል ማን ፈረመ?

መልስ፦ ግጦሹ ቢቀር እንኳ ምንጩን አታስነኩ! እኛ ጋ ዳሩን ባሕር ዛፍ ሞሉት፤ አሁን በጋ ላይ ጀሪካን ተሸክመን ወንዝ ነው የምንወርደው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ። ደብተሩ ማን እጅ እንዳለ ግን እንጃ።