አጥሚቱም አልወርድ አላቸው፤ ስቴንት ይግባላቸው?

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ፦
አባቴ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይዟቸው ወደ ጉበት ተሠራጭቷል ተብለናል፤ ቀዶ ሕክምና አይሆንም። በመኸር ወቅት እንጀራ በሾርባ ያወራርዱ ነበር፤ አሁን አጥሚቱም ተመልሶ ይወጣል። አዲስ አበባ ያዩዋቸው ሐኪም ስቴንት ይግባ አሉ። ታላቅ ወንድሜ «ካላዳነ ሽማግሌውን ለምን እናንገላታቸዋለን? ለዚያውም በሬ ሸጠን» ይላል። እርሳቸው «በረሃብ አልሙት» ከማለት በቀር የሚሉት የለም። ለቤተሰብ ያስገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ነርስ፣ ደብረ ብርሃን፦
ወንድምሽ እውነቱን ነው፤ ካንሰሩን አያድንም። አባትሽ የጠየቁት ግን መዋጥን ነው። ስቴንት ከብረት መረብ የተሠራ ቱቦ ነው፤ ተጨምቆ በአፍ ይገባና የጠበበው ቦታ ላይ ራሱ ይከፈታል። ደረት አይቀደድም። ብዙዎች በጥቂት ቀናት ፈሳሽና ለስላሳ ምግብ መዋጥ ይጀምራሉ። የጨረር ሕክምና ግን ለመሥራት ይዘገያል። ለመሆኑ ውኃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል? ካንሰሩ ወደ አየር ቧንቧው በስቶ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪሙ ንገሩ። ያን ጊዜ የሚመረጠው ሽፋን ያለው ስቴንት ነው።

የአንኮበሯ፦
ለእናቴ ገብቶላታል። መጀመሪያ ደረቷን ጨምድዶ ስለያዛት የሚዋጥ ሞርፊን ታዘዘላት፤ ዘመድ «ሱስ ይሆንባታል» ብሎ ነዘነዘን፣ አልሰማንም። ከዚያ ወዲያ ሥራው የማጀት ነው። እንጀራና ዳቦ እየተለጠፈ ቱቦውን ስለሚደፍን ተዉት፤ ጥብስና ቆሎማ አይታሰብም። የገብስ አጥሚት በወተት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ እርጎ፣ የተፈጨ ሙዝ ስጧቸው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው በጥቂት በጥቂቱ ይዋጡ፤ በየመሃሉ ሞቅ ያለ ሻይ ወይም አምቦ ውኃ ይጎንጩ፣ ቱቦውን ያጥበዋል። ቱቦው እስከ ጨጓራ አፍ የወረደ ከሆነ አሲድ ስለሚመለስ ትራሱ ከፍ ይበል። እናቴ ዓርብ ወተት አልቀምስም ብላ ስታስጨንቀን የንስሐ አባቷ መጥተው ፈቀዱላት፤ እስከዚያ የሱፍ ውኃ አጥልለን እንሰጣት ነበር፣ እርሱም ደግ ነው።

ጠያቂ፦
ትን ይላቸዋል፣ በተለይ ማታ። ጠዋት ለሐኪሙ እደውላለሁ። ቱቦው ከገባ በኋላስ ሊበላሽ ይችላል?

ነርስ፣ ደብረ ብርሃን፦
ይችላል፤ ይንሸራተታል፣ ዕጢውም ያድግበታል። ድንገት ምራቅ አልወርድ ካላቸው፣ ደም ካስታወካቸው ወይም ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ኢንዶስኮፒ (በአፍ ገብቶ ውስጥን የሚያይ የካሜራ መሣሪያ) ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዷቸው። ስቴንቱ ገብቶላቸው ከሆስፒታል ሲወጡም የሞርፊኑን ማዘዣና የክፍሉን ስልክ ሳትይዙ እንዳትመለሱ፤ ከመሐል ሜዳ ሆኖ ያንን ማሳደድ አድካሚ ነው።